በሽቦ የታሰረውን ፊልትሮ ስለ መፍታት

ለተከበሩ የጀልባ ማመላለሻ ጽሕፈት ቤት የዕቃ አቅርቦት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ደጃፍ ቆሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ለሚለን ዘበኛ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎ አይዛል፣ ወንበርዎም አይነቃነቅ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የምትጽፍልኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ቃል እንዳታለዝቢብኝ ብያታለሁ፤ እሷም «አጎቴ፣ እንደ ወረደ ነው የምጽፈው» ብላኛለች። ስለዚህ ነገሩ ከከረረብዎት የእኔ ነው፣ ጽሕፈቱ ካማረ የእሷ። ደብዳቤውን በመሳፈሪያው ግድግዳ ላይ የምለጥፈው፣ ለእርስዎ ብቻ የላክናቸው ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ በሰላም እንቅልፍ ስለወሰዳቸው እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ጥቁር ኮትዎን ለብሰው ለቅሶ በመድረስዎ አመሰግናለሁ። «ዕድሜው ሞልቶ ነው» ብለው አጽናንተውኛል።    ሰው ሁሉ «አልቅስ፣ ይወጣልሃል» ይለኛል፤ የሚወጣ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ገመድ እቋጥራለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በቁጣ የተጻፈ አድርገው እንዳያዩብኝ። ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማንኛውም ጀልባ የሞተሩን ዘይትና ናፍጣ የሚያጣራለትን ፊልትሮ ከመጋዘናችሁ ብቻ እንዲወስድ፣ ከተገጠመ በኋላም በቀጭን ሽቦ ታስሮ በእርሳስ እንዲታተም፣ ማኅተሙን የቆረጠ ጀልበኛም ፈቃዱን እንዲነጠቅ በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። ድሮ ፊልትሮ የምንገዛው እያገላበጥን ነበር። የሞተሩን ቁጥር ይዘን ሄደን፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጠን እናስተያያለን፤ የጎማ ቀለበቱን በጣት ተጭነን አለመድረቁን እናረጋግጣለን፤ በቀዳዳው አጮልቀን ወረቀቱ ጥቅጥቅ ብሎ እኩል መታጠፉን እናያለን። ባለሱቁ «ፊልትሮ ነው ወይስ ሚስት የምትመርጡት?» እያለ ያላግጥብን ነበር። ከዚህ ሁሉ ድካም ገላግለውናል።

ሁለተኛ፤ የሰጡን የናፍጣ ፊልትሮ የየብስ መኪና ነው። ጀልባ ውሎዋ ውሃ ላይ ነውና ናፍጣዋ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ስለዚህ ከፊልትሮው ሥር ውሃውን የሚያቁር ብርጭቆ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ጠዋት ከሥር ከፍቶ ማፍሰስ ነው። የእናንተው ብርጭቆ የለውም። ወንድሜ ይህንን ለመጋዘን ሠራተኛዎ ሲነግረው፣ «አባባ፣ ክብ ነው? ክብ ነው። ይገጥማል? ይገጥማል። ሌላ ምን ፈለጉ፣ እንዲዘፍንልዎት?» አለው። ወንድሜ ሳቀ። ሳቂታ ሰው ነበር።

ሦስተኛ፤ የዘይት ፊልትሮውም አልቀረብንም። ሞተር ሲጠፋ ዘይቱን ውስጡ የሚያስቀር ክዳን ሊኖረው ሲገባ፣ የእናንተው ዘይቱን ሙልጭ አድርጎ ይመልሰዋል። ጠዋት ስናስነሳ ሞተሩ በደረቁ ያንኳኳል። መንደሩ ከእንቅልፉ የሚነሳው በእኛ ሞተር ሆኗል፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዎታል።

አራተኛ፤ ወንድሜ በሞተበት ቀን፣ ናፍጣው ውስጥ የገባው ውሃ ወደ ሞተሩ አለፈ። ሞተሩ አንድ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። ነፋሱ ወደ ቋጥኞቹ ይገፋን ነበር። ተሳፋሪ አልነበረንም፣ እኔና እሱ ብቻ ነን። ከትእዛዝዎ በፊት የገዛነው፣ ብርጭቆ ያለው ፊልትሮ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ነበረ። ወንድሜ ፒንሳውን አንስቶ ሽቦውን አየው። ከዚያ ፒንሳውን መልሶ አስቀመጠ። «ተወው፣ ፈቃዱን ይነጥቁናል፤ ልጅቷ ምን ትበላለች?» አለና ናፍጣውን በእጅ ፓምፕ ሊገፋ ጎንበስ አለ። እንደ ጎነበሰ ቋጥኙ አገኘን። እኔ ዋኘሁ።

እዚህ ላይ ልጅቷ ብዕሯን አስቀምጣ ወጣች። ተመልሳ «ቀጥል» ብላኛለች።

ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ሰዎችዎ በቅድሚያ የመረመሩት ማኅተሙን ነው። «ማኅተሙ ደህና ነው» ብለው መዘገቡ። ከጀልባዋ ላይ ደህና የተገኘው እሱ ብቻ ስለሆነ ለትጋታቸው ከልብ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፤ ጀልባችንን ጎትታ ያወጣቻት የጽሕፈት ቤትዎ ጀልባ ናት። ገመድ ልቀበል ወደ እሷ ስወጣ የሞተሯ ክዳን ተከፍቶ ነበርና አየሁ። ብርጭቆ ያላቸው ፊልትሮዎች፣ ሁለት ጎን ለጎን፣ አንዱ ቢደፈን ናፍጣው ወደ ሌላው የሚዞርባቸው። ሽቦ የላቸውም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ኃላፊው ስለ ሞተር አያውቁ ይሆናል እያልኩ ለእርስዎ እሟገት ነበር። ከሙግቱ ስላሳረፉኝ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ጀልባዋ ተጠግናለች። የአባቷ ፈቃድ ወደ ልጅቷ ዞሯል፤ ቤቱ ሌላ ገቢ የለውምና የምትነዳት እሷ ናት። ሰዎችዎ መጥተው ያንኑ ዓይነት ፊልትሮ ገጥመው፣ በሽቦ አስረው፣ አትመውላት ሄደዋል። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ሽቦውን ይፍቱልን፤ ጀልበኛ ለሞተሩ የሚሆነውን ራሱ ይምረጥ። ካሳ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩም፤ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

ከእግርዎ ሥር ያለው ወለል ዘወትር ደረቅ እንዲሆንልዎ የምመኝ፣ ስሜን መጻፍ ባልችልም አውራ ጣቴን በቀለም ነክሬ ከዚህ በታች ያሳረፍኩ፣ ለሥልጣንዎ ከወገቤ የማጎነብስ፣
የሟች ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ መልስ መስጠት ሥራ እንዳያበዛብዎት ብዬ ማኅተሙን ዛሬ ጠዋት ቆርጬዋለሁ። ልጅቷ የለችበትም። መሳፈሪያው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የቆረጥኩት። አጠገቤ የነበረው ጀልበኛ «የእኔንም» አለኝ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ አሁን በዚህ ዳርቻ የታተመ ጀልባ የለም፤ ሁላችንም ብርጭቆ ያለውን ፊልትሮ ገጥመናል። ፈቃዷን ከነጠቋት ፈቃድ የሌላት ልጅ ቤቴ ትቀመጥልኛለች፤ ወንድሜ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነው የሞተው። ሊነጥቁን ሲመጡም ከጀልባዎቻችን በፈለጉት ይሳፈሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለእርስዎም አያሰጉም።