ስለ አሥራ ሁለቱ ብርቱካንማ ሰደርያዎች

ለክብርት ወይዘሮ ጆርዲስ ሃልቨርሰን
የታማራክ ፎልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት
ባሉበት

ለመላው የከተማችን ሕዝብ በታላቅ ክብር የሚበሠር ዜና አለ፦ ባለፈው ሰኞ የትምህርት ቤታችን ዋና መግቢያ ምንጣፍ ተቀይሯል። አሮጌው ምንጣፍ ከሃያ ሁለት ዓመት ታማኝ አገልግሎት በኋላ በክብር ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የተሸኘ ሲሆን፣ በምትኩ የተነጠፈው አዲሱ ምንጣፍ «የአእምሮህ ጤና ለእኛ ይቀድማል» የሚል ጽሑፍ በትልልቅ ነጭ ፊደላት ታትሞበታል። እኔም በዕለቱ ጉዳይ ኖሮኝ ስመጣ፣ የጫማቸውን ጭቃና በረዶ «ጤና» በሚለው ቃል ላይ በሚገባ ጠርገው ለመግባት ከታደሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ለመሆን በቅቻለሁ።

ክብርት ሆይ፣ ከዚህ የምሥራች ቀጥሎ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? በስምንት ዓመትዎ ከጓሮዬ የፖም ዛፍ ላይ ሲወድቁ የተመታው ቦታ ብርድ በመጣ ቁጥር ይነዝርዎት እንደሆነ ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ፤ ፖሞቹን ግን ይቅር ብያለሁ። እኔን ከጠየቁኝ፣ የዚህ አገር ሰው ቤቱ ቢቃጠልበት እንኳ እንደሚመልሰው፣ ምንም አልል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የደፈርኩት ትምህርት ቤትዎ ለተማሪዎች የአእምሮ ሰላም የዋለውን ውለታ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ውለታው ብዙ በመሆኑ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

፩. ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አንድ አማካሪ፣ አቶ ሩበን ፔቼክን፣ በመቅጠርዎ እናመሰግናለን። ሰውዬው ሥራ ፈትቶ እንዳይደብረው በማሰብ የትምህርት ፕሮግራም ድልደላውን፣ የምሳ ሰልፉን ቁጥጥር፣ የሴቶቹን የመረብ ኳስ ቡድን፣ ሹፌሩ በታመመ ቀን ደግሞ አውቶቡሱን ጭምር ደርበው ሰጥተውታል። ስለዚህ ጭንቅ የያዘው ልጅ በሾርባው ጭልፋና በአውቶቡሱ መሪ መካከል በምትገኘው አሥር ደቂቃ ውስጥ ጭንቁን አሳጥሮ መናገር ይማራል፤ ይህም ለወደፊት ሕይወቱ ይጠቅመዋል። በቅርቡ ሩበንን ነዳጅ ማደያው ጋ አግኝቼው «እንዴት ነህ ሩበን?» ብዬ ብጠይቀው «ምንም አልል» አለኝ። ይህን ሲለኝ የመኪናውን የነዳጅ ክዳን በእጁ ይዞ ክዳኑን ይፈልግ ነበር።

፪. ስለ «የአእምሮ ደህንነት ሳምንት» ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሳምንቱ ማክሰኞ ዕለት ተጀምሮ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሰላም ተጠናቋል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሲጨንቀው የሚጨምቃት አንዲት የጎማ ኳስ ታድላለች። የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ቀን ትምህርት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ተዘግቶ እንደሚውል ስለማውቅ፣ በዚህ ከተማ በምን ቀልድ እንደሌለ ለመረዳት አልተቸገርኩም። አምሳ ስምንት ዓመት ያደንኩ ሰው በመሆኔም አልተቃወምኩም።

፫. ወደ ሦስተኛው ስደርስ እጄ ይከብደኛል፤ ውለታው የጋራችን ነውና።

መስከረም ላይ የአዳኞች ማኅበር ጸሐፊ ለሆንኩት ለእኔ ስልክ ደወሉልኝ። «አቶ ላህቲ፣ ወደ አማካሪው የሚሄዱት ልጆች የፈቃድ ወረቀቱን እየጣሉ፣ መምህራኑ ከክፍል የሚሸሸውን ከታመመው መለየት አቃታቸው። ከሩቅ የሚታይ ነገር አያጡም መቼም?» አሉኝ። እኔም «ከሩቅ? ወይዘሮ ጆርዲስ፣ እንኳን መምህር፣ ዓይኑ የደከመ አዳኝ በጭጋግ የሚያየው ነገር አለኝ!» ብዬ፣ ጫካ ውስጥ ሰው በሰው ላይ እንዳይተኩስ የምንለብሳቸውን አሥራ ሁለት ብርቱካንማ ሰደርያዎች በዚያው ቀን ጭኜ አመጣሁልዎ። የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ፤ ሳሎን ሰቅየዋለሁ።

እርስዎም እኔም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። እኛ እኮ ሐኪም ቤት ስንሄድ መኪናችንን ግሮሰሪው ደጃፍ አቁመን በጓሮ በር የምንገባ ሰዎች ነን። የኪንታሮት ቅባት ለመግዛት ሌላ ከተማ ድረስ የሚነዳ ሽማግሌ አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ ስላጭ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ነን እንግዲህ፣ የከፋው ልጅ እንደ መንገድ ሠራተኛ እያብረቀረቀ ጓደኞቹ መካከል እንዲያልፍ የፈረድንበት። ከሰደርያው በፊት በሳምንት ሰባትና ስምንት ልጅ የአማካሪውን በር ያንኳኳ ነበር። ከሰደርያው በኋላ በሁለት ወር አንድ ልጅ ብቻ ለበሰው። እርስዎም በወላጆች ስብሰባ ላይ «የተማሪዎቻችን ጭንቀት በከፍተኛ ሁኔታ ቀንሷል» ብለው ሪፖርት አቀረቡ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ያ አንድ ልጅ ማን እንደነበር ልንገርዎ። ምንጣፉ በተቀየረበት ሰኞ የመጣሁት የአደን ጥንቃቄ ትምህርት ማስታወቂያ ልለጥፍ ነበር። ደወል ተደውሎ ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቷል። ከፊቴ አንድ ልጅ፣ ሰደርያው እስከ ጉልበቱ ወርዶበት፣ የሹራቡን ቆብ አጥልቆ፣ ግድግዳውን ታክኮ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቀልድ አፌ ላይ ከመጣ መልሼ አልውጠውም። «ኧረ እንዳትተኩሱ! ግልገል ነው፣ ቀንዱ እንኳ አልበቀለም!» ብዬ ጮኽኩ። ኮሪደሩ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ጎረምሳ ክንዱን እንደ ጠመንጃ ደግኖ «ዷ!» አለ። ልጁ ዞረ።

ብሪን ነበረች። ወላጆቿ ለሥራ ርቀው በመሄዳቸው እኔ ጋ የምትኖረው፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ። ወዲያው ሄጄ እጇን ይዤ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ ግን ሰደርያውን አወለቀች፣ እንደ አልጋ ልብስ አስተካክላ አጣጠፈችው፣ አማካሪው በር ላይ ካለችው ወንበር ላይ አኖረችውና ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ በር አልሄደችም።

ከጸደይ ጀምሮ ክፍል ልትገባ ስትል ልቧ እንደሚመታና ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል» ብላ ለሳይንስ መምህርቷ ነግራ ኖሯል። ያንን ሰደርያ ለመልበስ ሦስት ሳምንት ነው ድፍረት ስታጠራቅም የከረመችው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ማታ ዕቃ ስናጥብ ነው።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገርህ አባባ? አንተ እኮ ቀብር እንኳ ቀልድ ይዘህ ነው የምትሄደው።»

የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩት።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ በትሕትና እለምናለሁ። ዓርብ ጠዋት መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ፤ አሥራ ሁለቱንም ሰደርያ ያስረክቡኝ። አማካሪው ዘንድ መሄድ የፈለገ ልጅ ለመምህሩ በጆሮው ይንገርና መጸዳጃ ቤት እንደሚሄድ ልጅ ዝም ተብሎ ይለቀቅ። ሩበንም በሩን ዘግቶ ከልጆች ጋር የሚቀመጥበት ሙሉ ቀን ይሰጠው። አውቶቡሱን ማን ሊነዳው ነው ካሉ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ግንድ የሚጭን መኪና የነዳሁ ነኝ፤ መንጃ ፈቃዴም አልተቃጠለም። የሾርባውንም ጭልፋ እችላለሁ። በሁለቱም ሥራ ላይ አፌን ዘግቼ እንደምውል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ብሪን ትመለስ እንደሆነ አላውቅም፤ መመለስ ብትፈልግ ግን መንገዱ ላይ እኔም ሰደርያዬም እንዳንቆም ነው የምለምነው።

ከምንጣፉ እስከ ጎማ ኳሷ ድረስ ለተደረገልን ሁሉ ከወገብ በላይ ጎንበስ ብዬ፣ ከዚያ በታች ጉልበቴ ስለማይፈቅድልኝ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ብርታት እመኝልዎታለሁ።

የታማራክ ፎልስ አዳኞች ማኅበር ጸሐፊ፣ የምስጋና ወረቀትዎን ዛሬ ከግድግዳው ያወረደ አገልጋይዎ፣
አርቮ ላህቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ያለ ብሪን ፈቃድ ማውጣት ሁለተኛ ሰደርያ ማልበስ ስለሚሆንብኝ፣ ከመላኬ በፊት አስነበብኋት። ኪንታሮቱ ላይ እንኳ አልሳቀችም። «ስሜ እንዳለ ይቆይ፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ አይቶኝ የለ?» አለች። ቀጥላ ሦስተኛው ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይሄን ግን አላደረግህም» አለችኝ። ልክ ናት። በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት ያልኩት የፈጠርኩት ነው። ስትዞር አወቅኋት፤ አፌ አንዴ ተከፍቶ ስለነበር ግን ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ፣ ማስታወቂያዬን ለጠፍኩና ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ልሰርዘው ብዕር ሳነሣ «አትሰርዘው፤ ውሸት መሆኑን ከታች ጻፍ» አለችኝ። ይኸው ጻፍሁ። ይቅርታ የጠየቅኋት ከዚህ በኋላ ነው፣ ስድስት ቀን አሳልፌ፣ ሰው በሌለበት። «አስብበታለሁ» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።