አንለይ የሰጠመውን መንገድ ሲነዳ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27፣ 2018

ልብስ አጠብኩ። የማሰጣበት ገመድ የለም። የት ሄደ? ጀልባው ላይ። ባልዲዬስ? እሱም ጀልባው ላይ። ከአራት ቀን በኋላ እኔም ጀልባው ላይ ነኝ...

ባሌ አንለይ ስምንት በርሜል አስበይዶ፣ ጣውላ ደልድሎበት፣ የቀርከሃ ጣራ አልብሶ ግቢያችን መሃል ገትሮታል። አሶሳ ከተማ ውስጥ! የግድቡ ሐይቅ ከዚህ የትና የት ነው። ጎረቤት በአጥር እያየ "መምህርት፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ?" እያለ ይስቅብኛል። የአሮጌውን አይሱዙ መሪ፣ ወንበሩን፣ ክላክሱን፣ ሁለቱንም ስፖኪዮ ገጥሞበታል። ስፖኪዮ ለጀልባ! ከኋላ ማን ሊቀድመው ነው?

በኋላ "እንዲህ አልተባባልንም" እንዳይል እዚህ ልጻፈው። ጡረታ ስወጣ ደብረ ማርቆስ፣ አባቴ ያወረሰኝ ቤት እንገባለን ብሎኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ያስተማርኩት በዚያች ቃል ነው። ሰኔ ላይ ወጣሁ። እሱ ደግሞ "አሁን ሐይቅ መጥቶልን የት እንሄዳለን? ሰው አመላልስበታለሁ" ማለት ጀመረ። በደርግ ሰፈራ ከጎጃም ነቅለው ፓዌ ሲያመጡት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። "አንዴ ነቅለውኛል፣ ሁለተኛ አልነቀልም" ይላል። እኔስ? እኔን ማን ጠየቀኝ?

ሁለት ወር ተጨቃጭቀን ተስማማን። ሁለታችን ብቻ፣ በዚህ ጀልባ፣ ማንም ሳይጎትተን፣ ሐይቁን አቋርጠን ጉባ ወረዳ፣ ማንኩሽ በኩል ከወጣን እዚሁ እንቀራለን። ካቃተን ወይ ከተጎተትን ማርቆስ እንገባለን፣ ያለ አንዲት ቃል።

ልጃችን ሔለን ማንኩሽ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ስነግራት በስልክ ሳቀች። "እማዬ፣ አባዬ እኮ ዋና አይችልም!" አውቃለሁ። እንዳይሰጥም እጸልያለሁ። እንዳይደርስም እጸልያለሁ። ሁለቱን ባንድ ጸሎት...

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ጀልባው ተጭኖ ሐይቁ ዳር ደረሰ። ስምንት ሰው ተሸክሞ አወረደው። ተንሳፈፈ። ቅር አለኝ።

ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ። "ወዴት ነው የምንሄደው?" አልኩት። "መንገዱን ይዤ ነዋ።" የቱን መንገድ? የድሮውን! ውሃው ሳይሞላ ሃያ ዓመት በአይሱዙ የተመላለሰበትን የጠጠር መንገድ። ከሥራችን ነው ያለው። ጎማ የለንም፣ መሬት የለንም፣ እሱ መንገድ ይዟል።

"በግራ ሁለት ጫፍ ያለው ኮረብታ ይታይሻል?" ይለኛል።

"አንተስ አይታይህም?"

"ልፈትንሽ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ጭው ያለ ውሃ መሃል ክላክሱን ለቀቀው። ክው አልኩ። ምን ሆንክ ስለው "ኩርባ ነው" አለ። ሊያስቀኝ መስሎኝ አየሁት። አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ውሃ ውስጥ የቀረ ዛፍ ላይ ወጣን። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። ሌላውን የምናገረው ለንስሐ አባቴ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ትናንት ያደርነው አንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነው፤ አሁን ደሴት ሆኗል። አጎበር ውስጥ ሁለት ሰው፣ አንድ ጀሪካን ቤንዚን፣ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ። ወገቤ ተቆረጠ። እሱ እንደ ሕፃን ተኝቶ አደረ።

ስድስት ሰዓት ላይ "ዛሬ ጉሙ አልገፍፍ አለ" አለኝ። የምን ጉም? ፀሐይዋ አናቴን እየቀቀለችው! ከዚያ ማዶ ሣር እየተቃጠለ አየሁና ጭሱን ነው ብዬ ተውኩት። በኅዳር መቼም አገሩ ሁሉ ይጨሳል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ "አብዱልረሂም ሱቅ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ እንታጠፋለን" አለ። አብዱልረሂም ድሮ መንገድ ዳር ሱቅ የነበረው የበርታ ሰው ነው፤ አንለይ ስኳርና ሳሙና ያራግፍለት ነበር። ሱቁ ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። ፊት ለፊቱ ማንጎ ተደርድሮ እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። "ማንጎውን ተጠንቀቅ" አልኩት።

"ማንጎው ከመንገዱ ወዲያ ነው። ሥሩ ስንት ቀን ተኝቻለሁ፣ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?"

ወዲያው ኳ! ማንጎው ላይ። የደረቀው ቅርንጫፍ ከውሃው በታች አንድ ክንድ እንኳ አይሆንም። ፕሮፔለሩ ገብቶ ተቀረቀረ። በሆዴ ተኝቼ በሽንኩርት ቢላ ቅርንጫፍ ስቆርጥ አመሸሁ፣ በስልሳ ዓመቴ። እሱ ከላይ "ቀስ፣ ቀስ፣ ፕሮፔለሩን እንዳትጎጂው" ይለኛል። እኔ ብጎዳስ?

ደግሞ በየቦታው ቢጫ ጀሪካን ተንሳፍፏል። ሰው እንዴት ቆሻሻውን እንዲህ ሐይቅ ውስጥ ይጥላል? በዚያም ተናደድኩ። ዛሬ ያልተናደድኩበት ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ይህን እንዴት ልጻፈው...

ጠዋት ጣራው ሥር ጋደም ብዬ ነበር። ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ክላክስ። ከዚያ የሚበጠስ ነገር። ብድግ ስል የሰው መረብ መሃል ነን። አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ በትንሽ ጀልባ ቀዝፎ መጣና የጀልባችንን ጠርዝ ይዞ አንለይ ፊት ቆመ። በመሃላቸው ሁለት ክንድ የለም። አንለይ ዝም ብሎ ያየዋል።

"አሰላሙ አለይኩም" ሲል ነው አንለይ የደነገጠው።

"አብዱልረሂም?! አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ! ምን ትሠራለህ እዚህ?"

"በድሮው መንገድ ወደ ጉባ እየሄድኩ ነው።"

"መንገድ ኻላስ! የለም መንገድ። አሁን ውሃ ነው!"

ተቃቀፉ። ዳር ወጥተን ቀረሶ አሳ ጠበሰልን። በመረቡ አልተቆጣም፤ የተቆጣው በጀሪካኑ ነው። ቆሻሻ አይደለም ለካ። አሳ አጥማጆቹ ውሃ ውስጥ ባለው ዛፍ ሁሉ አናት ላይ ነው ያሰሩት። "ቢጫ ካለ፣ ሥሩ ዛፍ ነው። በሱ ላይ አትሂድ። አንተ መምህር ነህ፣ አንተ ንገረው" አለኝ፣ ወንድ አድርጎኝ አረፈ። ትናንት ጀሪካን ሲሰድብ የዋለ መምህር!

አንለይ ወደ ጀልባው ሲሄድ ጠብቆ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ወላሂ፣ እኔ ቆሜ፣ ሸሚዝ አውልቄ አወዛወዝኩ። እሱ ወደ እኔ አየ። ዝም ብሎ መጣ በኔ ላይ። ባልህ ዓይኑ አያይም።"

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ኮረብታው... "ልፈትንሽ ነው"... ጉሙ... ጥቁር መነጽሩ...

ሄድኩና "መነጽርህን ላጽዳልህ" ብዬ አወለቅኩለት። ፊቱ ቆሜ ምላሴን አወጣሁበት። ምንም። ቀጥ ብሎ ያየኛል። "ጸዳ?" አለኝ። ምላሴን መለስኩና መነጽሩን ሰጠሁት። ዞር ብዬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ላንቀው ፈለግኩ።

አርብ፣ ኅዳር 5

ስጠይቀው አመነ። ማየት ካቃተው አራት ዓመት! መኪናውን ያቆመው ወገቡን አሞት አልነበረም። የዓይን ሞራ ነው። የቀኙ ጭልጭል ይላል፣ የግራው ወተት ሆኗል።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለሔለን ትነግሪያለሽ።"

"ብነግራትስ?"

"ታስገፍፈኛለች። ዓይኔን ሰው በስለት አይነካውም።"

ልጁ ነርስ! ለአጭር ቀዶ ጥገና ፈርቶ እኔን ዛፍ ላይ ይዞኝ ይወጣል። የሰው መረብ ይበጥሳል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ሰው ሊያመላልስ ነው፣ ተሳፋሪ! እኔስ ብሆን... አራት ዓመት አንድ ቤት ስኖር የት ነበርኩ? ወጥ ሲያፈስ "እጅህ ምን ሆነ" እያልኩ ስጮህበት ነበር። ይኸኛው ከእሱ ይልቅ በራሴ ላይ ያናድደኛል።

አብዱልረሂም ወንድሙ የሞተር ጀልባ እንዳለው ነገረን። ገመዱን ይዞ መጣ። "እኛ እንጎትት። ነገ ጉባ ናችሁ፣ ኢንሻአላህ።"

መጎተት ማለት ማርቆስ ማለት ነው። አንለይም ያውቃል። ገመዱን በዳበሳ ተቀበለና ለእኔ አቀበለኝ። "ስምምነታችን ነው። እሰሪው" አለ። አንገቱን ደፋ። አልተከራከረም፣ አልቀለደም፣ ምንም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም።

የምፈልገው ነገር እጄ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ አዙሬ ማሰር ብቻ...

ገመዱን ለአብዱልረሂም መለስኩለት። ለምን? አሁንም እየጻፍኩ አላውቅም። እንደዚያ ሆኖ ማርቆስ ቢገባ ግድግዳ ዳር ተቀምጦ የሚቀር መሰለኝ። ፈራሁ።

"ተነሥ ከወንበሩ" አልኩት።

"ማን ሊነዳ?"

"ዓይን ያለው።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከዕውር ሾፌር የባሰ ነገር አለ፤ ሥራ የፈታ ሾፌር ጎንህ ሲቀመጥ።

"ማርሽ ቀንሺ!" ማርሽ የለውም አንለይ። "ፍሬን!" ፍሬንም የለውም። ከመቀመጫው እግሩን ጣውላው ላይ ይረግጣል፣ ፍሬን እየያዘልኝ መሆኑ ነው። አንዴ ጮኼበት ግማሽ ሰዓት አኮረፈ። ያቺ ግማሽ ሰዓት እንዴት ደስ ትላለች!

ግን ያለ እሱም አልሆነም። ወደ አንድ ጠባብ ቦታ ስንገባ ከፊቴ ጀሪካኑ ብዙ ነው። ማለፊያ አጣሁ። "ቢጫው በዛብኝ" አልኩት። ትንሽ አሰበና "በቀኝ ገደል አለ? ቀይ ገደል?" አለኝ። አለ። "እንግዲያው ገደሉን ተጠግተሽ ሂጂ። እዚያ ሥር ወንዙ ነው፣ ድልድይ የነበረበት፣ ጥልቅ ነው። ዛፍ አልነበረውም።" ገባሁበት። አንድ ቅርንጫፍ አልነካንም።

ከዚያ ወዲያ እንዲሁ ሆነ። እኔ ከላይ ያለውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ከሥር ያለውን ይነግረኛል። እዚህ ማሽላ እርሻ ነበር፣ ሜዳ ነው፣ ሂጂ። እዚህ ትልቅ ዋርካ አለ፣ ራቂ። አሥር ሰዓት ላይ ውሃው ወርቅ መሰለ፣ መሪው እጄን ለመደ፣ ንፋሱ... ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ። ለማንም አልናገርም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ደረስን። ማንም ሳይጎትተን።

ሔለን ዳር ቆማ ስትጠብቅ መሪውን የያዝኩት እኔ መሆኔን አይታ አፏን ያዘች። "ማነው የነዳው?" "እናትሽ" አለ አንለይ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ራሱ የነዳ ይመስል። ስለዚህ ተሸነፍኩ፣ በገዛ እጄ። ደብረ ማርቆስ ቀረች። ማንን ልክሰስ?

መነጽሩን አስወልቃ በስልኳ መብራት ዓይኑን አየችው። የጮኸችውን ጩኸት ማንኩሽ ሙሉ ሰምቶታል። ከአሥር ቀን በኋላ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ይመጣሉ አለች። እሱ እምቢ። እኔም "ስምምነታችንን ጠብቄ እዚሁ እቀርልሃለሁ። አንተ ደግሞ ትገፈፋለህ። አለዚያ ጀልባውን በመጥረቢያ ነው" አልኩት።

ወደ ጀልባው ዞሮ "እሺ" አለ። ጀልባው ያሳዝነዋል፣ ሚስቱ ግን...

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የግራው ዛሬ ተሠራ። ሃያ አምስት ደቂቃ፣ በሰዓት ይዣለሁ። በሔለን ተደግፎ ወጣና "ይኸው ነው?" አለ።

ይኸው ነው! አራት ዓመት ሙሉ ለይኸው!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ትናንት ፋሻው ሲነሣለት መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። "አርጅተሻል" አለኝ። ሔለን ሳቀች። እኔ ምሳውን አዘገየሁበት።

ዛሬ ጠዋት ሐይቁን ልይ አለ። ሔለን ሥራ ስለነበራት እኔ ይዤው ወረድኩ። ጀልባው አጠገብ ቆመ። ቀና አለ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ውሃው ፀጥ ብሏል፣ ጭስም ጉምም የለም፣ እስከ ማዶው ተራራ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል።

"ይኸ ሁሉ ውሃ ነው?"

"ውሃ ነው።"

"መንገዱስ?"

"ከሥር ነው። አንተው አይደለህ የነገርከኝ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "በጉሙ ውስጥ ይታየኝ ነበር እኮ፣ ጤናዬ። ሰው ውሃ ሞላ ሲል እሰማለሁ፣ ግን እኔ መንገዱን አየው ነበር። ሱቁን፣ ማንጎውን፣ እጃቸውን የሚያወዛውዙልኝን ልጆች..." ከዚያ አለቀሰ። እንዳያለቅስ ተብሏል። "አዲስ ዓይን ነው፣ ሔለን ትገድለናለች" አልኩት። አልሰማኝም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሐረቤን ሰጠሁት።

ሲነሣ "እንሂድ" አለኝ።

"ወደ ቤት?"

"ማርቆስ። ወደ አባትሽ ቤት። እዚህ የማውቀው አገር የለም።"

ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኳት ቃል። እልል እላለሁ ብዬ ነበር። ጀልባውን አየሁት፣ መሪውን፣ ያንን የማይረባ ስፖኪዮ። በአሶሳ በኩል ወደ ጎን ሾልኮ የገባ፣ ያልሄድንበት ስንት ውሃ አለ...

"መጀመሪያ ጀልባውን ልመልሰው" አልኩ።

"በመኪና ይጫናላ።"

"በውሃ ነው የምመልሰው። እኔ እነዳለሁ። አንተ ደህና ዓይን አለህ፣ እየተቀመጥክ ታያለህ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እንጃ።"

አሁን ሔለን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ፣ እሱ ሻንጣ ያስራል። ልሂድ ስለው አልሄድም አለ። መቅረት ሲያምረኝ ተነሥቶ እንሂድ ይላል። ምን ይሻለኛል በዚህ ሰውዬ?