ወደ ምድጃው ስትዞር

እሑድ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ መካነ ሰላም

ከሰዓት በኋላ ከታናሽ እህቴ ከዘሃራ ጋር አንድ የድሮ የአሜሪካ ፊልም በስልኬ አየን። ባሕር ተሻግራ የተሰደደች እናት ልጆቿን ስታስቅ ትውላለች፤ ወደ ምድጃው ስትዞር ግን ፊቷ ይጠወልጋል። እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም። ያቺን ቦታ ሦስቴ መልሼ አየኋት።

እማ ጅዳ ከገባች ወዲህ፣ ፊደል ስላልቆጠረች፣ ድምጿን ቀድታ ነው የምትልክልን። «አብሽሩ ልጆቼ» ሳትል ጀምራ አታውቅም። ዛሬ ፊልሙ ሳያልቅ ከስልኳ ጽሑፍ ገባ፦ «ደህና ነኝ። አትደውሉ።»

ዘሃራ «አልሐምዱሊላህ! እማ መጻፍ ተማረች!» ብላ ዘለለች።

በረንዳ ወጥቼ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው።

ስገባ «እትዬ፣ ምን አለችሽ?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ናት» ብዬ ሳቅሁላትና ወደ ምድጃው ዞርሁ።