ለብስክሌታችን ስለተደረገላት የክብር ሽኝት

ለክቡር የፈጣን ርግብ የአየር ጭነትና መልእክት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለችው ነጭ ርግብ ሁሉ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋዬ የጸና ነው። እኛ በመቐለ ከተማ ዓዲ ሓቂ የምንገኝ የአንድ ትንሽ የብስክሌት ክለብ ሰዎች ቢሮዎ ደጅ በተመላለስን ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምንባል፣ ይህ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ጤናዎን እንዳይጎዳብን ከልብ እንሰጋለን።

እኔ ባዘዘው እባላለሁ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ መቐለ ለመምህርነት መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። የክለቡ ጸሐፊ የሆንኩት ብስክሌት መንዳት ችዬ አይደለም፤ ልጆቹ «ሓወቦይ፣ ያንተ አማርኛ የቢሮ አማርኛ ነው፣ አንተ ጻፍልን» ብለው አጎታቸው ስላደረጉኝ ነው። የቢሮ አማርኛ ቢሮ ውስጥ እንደማይሰማ የተረዳሁት ግን ከድርጅትዎ ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ ስለሆነ፣ ይህችን ምስጋና በፖስታ አሽጌ ከምልክልዎ ይልቅ ሰው ሁሉ እንዲያነባት በአደባባይ አውጥቻታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሳምራዊት የክለባችን ልጅ፣ የጎረቤቴ የአደይ አፀደ ልጅ ናት። የምትነዳት ብስክሌት የታላቅ ወንድሟ የሔሩይ ነበረች። ሔሩይ በጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም፤ መርዶው መጣ፣ አስከሬኑ አልመጣም። ልጅቱ ብስክሌቷን ወርሳ፣ ኮርቻዋን ለራሷ ቁመት ዝቅ አድርጋ፣ የኲሓን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ባጅታ፣ በመጨረሻ ዳካር ድረስ ለሴቶች ውድድር ተጠራች። እዚያም የአንድ የውጭ አገር ቡድን አሰልጣኞች ተገኝተው አንዲት ልጅ ሊመርጡ ነበር፤ ሳምራዊት ትመጣ እንደሆነ በስሟ ጠይቀዋል። ልጅቱ ከዚህ ሌላ ተስፋ እንዳልነበራት እሷም፣ እናቷም፣ ሰፈሩም እናውቃለን። ተሳፋሪ የሚጭነው አውሮፕላን ብስክሌት እንደ ሻንጣ አልቀበልም ስላለን፣ ብስክሌቷ በእናንተ እጅ ቀድማ እንድትሄድ ወሰንን። ምስጋናችንም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ስለ ማሸጊያው። ብስክሌቷን በማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን ይዘናት ስንመጣ፣ ከረጢት አይሆንም፣ ካርቶን ነው የሚያስፈልገው ተባልን። ካርቶን ለምነን አምጥተን ስንመለስ፣ ካርቶን ለረጅም መንገድ አይሆንም፣ እንጨት ነው ተባልን። ሁሉም ባንድ ቀን ተነግሮን ቢሆን ኖሮ ከሠራተኞችዎ ጋር እንዲህ የቤተሰብ ያህል ባልተላመድን ነበርና፣ ስለ ትውውቁ እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ እንጨት ከተባለ ብለን ወደ አናጺው ወደ ኤልሳዕ ሄድን። ኤልሳዕ ድሮ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመንና ከዚያም በኋላ ግን ከሬሳ ሣጥን በቀር የሚያዘው ሰው አልመጣም። ሳምራዊትን ስለሚወዳት ያለውን ጣውላ አወጣላት፤ ጎማዎቿን ፈትቶ፣ አጋድሞ ለካትና ልኳን ሠራላት፤ ዝናብ እንዳያገኛት በእጁ በተረፈው ጥቁር ጨርቅ ለበጠው፤ ለመሸከም እንዲመች በግራና በቀኝ እጀታ ገጠመለት። ክለቡ ውስጥ ብስክሌቷን ሁላችንም የምንጠራት በቀድሞ ባለቤቷ ስለሆነ፣ ክዳኑ ላይ «ሔሩይ» ብሎ በጥሩ ፊደል ጻፈ። ከስሙም በላይ መስቀል አደረገ። ለምን እንዳደረገው ኋላ ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ እጄ ነው» አለኝ።

የሚገርመው ከእኛ መካከል አንድም ሰው ምነው አላለም። ሣጥኑን ተሸክመን በሰፈሩ ስናልፍ ካፌ ደጅ የተቀመጡት ተማሪዎች ብድግ አሉልን፤ ባጃጅ ቆመልን፤ እኛም ለመልካም መንገድ የተደረገልን ክብር መስሎን አመስግነን አለፍን። በእነዚህ ዓመታት ዓይናችን እንዲህ ያለ ሣጥን ከመልመዱ የተነሣ ማየት ትቶ ነበር። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ በእናንተ አላላክክም።

ሁለተኛ፦ ስለ አርማችሁ። ኲሓ ወርደን አውሮፕላን ማረፊያው ዘንድ ባለው መቀበያችሁ ስናስረክብ፣ ሠራተኛዎ ሣጥኑን አስከፍቶ መሪዋን ዳሰሰ፣ የጎማዎቿን አየር አስወጣ፣ «ቆንጆ ብስክሌት ናት» ብሎም አደነቃት። እኔ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ብስክሌት ነው፤ በጥንቃቄ ይያዝ» ብዬ የጻፍኩትን ወረቀት ጎኑ ላይ ለጠፍኩ። ሠራተኛዎም ርግብ ያለችበትን የድርጅቱን አርማ አምጥቶ ልክ በጽሑፌ ላይ ለጠፈባት። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ ሣጥኑ እንደሆነ ሰፊ ነበር። ርግቧ ከእጅ ጽሑፌ እንደምታምር ግን መካድ አልችልም።

ሦስተኛ፦ ስለ ክብሩ፣ ምስጋናዬም ከሁሉ የሚበዛው በዚህ ነው። ጃፋር የሚባል ደግ የመጋዘን ሠራተኛችሁ ኋላ በስልክ እንዳጫወተኝ፣ ሣጥናችን መሸጋገሪያው መጋዘን ሲደርስ ሥራ ቆሟል። እሱ ራሱ ኮፍያውን አውልቋል። የሌላው ሰው ዕቃ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር የእኛው በሰዎች ትከሻ ሄዷል፤ እላዩ ላይ ምንም አልተጫነበትም፤ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ፣ አንዲት ሠራተኛ ጧፍ ላብራለት ብላ እሳት ያስነሣል ተብላ ተከልክላለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ በእግሬ ቆሜ መስኮታችሁ ፊት ስለፈልፍ ቀና ብሎ የሚያየኝ አጥቻለሁና፣ ድርጅትዎ ሰው ማክበር አያውቅም ብዬ ያማሁበት አፌ ይቆረጥ። ታውቁበታላችሁ፤ የምትፈልጉት ሰውየው እንዲሞት ብቻ ነው።

በክዳኑ ስምና መስቀል የተነሣ አስከሬን ተብሎ ተመዝግቧልና፣ ሬሳ ይከፈታል እንዴ ብሎ ሣጥኑን ለመክፈት የደፈረ አልነበረም። ወደ ዳካርም እንዳይበር የሞት ማስረጃውና የቤተሰቡ ፊርማ አልተሟላም ተብሎ እዚያው ቅዝቃዜ ውስጥ ቀረ። እኔ ይህን የት አውቄ? ማልጄ እደውላለሁ፣ ማታም እደውላለሁ። የሣጥኑን ቁጥር በነገርኳት ቁጥር ስልክ የምታነሣው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞዎት አባባ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ሁሉም በክብር ተቀምጧል» ትለኝ ነበር። ለአንድ ተራ ብስክሌት እንዲህ አንጀቱ የሚላወስ ድርጅት በዓለም የለም ብዬ ለአደይ አፀደ ነገርኳቸው። እሳቸውም መረቋችሁ። ጉድ እኮ ነው!

ከዚህ በኋላ ቁጥር መቁጠሩ ይቅርብኝ፤ ማሾፉም ከዚህ ወዲያ አይሆንልኝም።

ሳምራዊት የራስ ቁሯንና ጫማዋን በእጅ ሻንጣዋ ይዛ ዳካር ገባች። ብስክሌቴስ ብትል፣ ብስክሌት አልመጣም ተባለች። የሌላ አገር ልጆች አዝነውላት ትርፍ ብስክሌት ሰጧት፤ የረጅም ሰው ሆኖባት እግሯ ፔዳሉ ላይ በቅጡ አልደርስ አለ፣ ዳኞቹም በዚህ አትነሺም አሏት። ሌሎቹ ሲነሡ እሷ የክለባችንን ማልያ እንደለበሰች ከገመዱ ወዲያ ቆማ አየቻቸው። ውጤቱ ሲለጠፍ በስሟ ትይዩ «አልተነሣችም» ተብሎ ተጽፏል። አሰልጣኞቹ ግን ሰው ነበሩ፤ ብስክሌቷ ያልደረሰችው በአጓጓዡ ምክንያት መሆኑን ራሱ አጓጓዡ ከጻፈላት፣ ለብቻዋ እንፈትናታለን፣ ማስረጃው ግን እስከዚህ ቀን ይድረሰን ብለው ቀን ቆረጡላት።

እሷ እዚያ ስትንከራተት፣ እናንተ ወረቀቱ አልሟላ ያለውን «ሟች» ወደ ላኪው ለመመለስ ወሰናችሁ። መኪናችሁ መብራቷን አብርታ፣ ቀስ እያለች ሰፈራችን ገባች። ሁለት ጥቁር ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ወርደው ሣጥኑን ከደጃፉ አኖሩት። አደይ አፀደ ደጅ ላይ እህል እየለቀሙ ነበር። ሣጥኑን አዩ፤ መስቀሉን አዩ፤ የልጃቸውን ስም አነበቡ። እኚህ ሴት መርዶ የመጣላቸው ጊዜ ያለቀሱት በፎቶግራፍ ፊት ነው፤ የሚያቅፉትም የሚቀብሩትም አልነበራቸውም። «መጺእኻዶ ወደይ!» ብለው፣ መጣህልኝ ወይ ልጄ ማለት ነው፣ ሣጥኑ ላይ ወደቁበት።

ሣጥኑን ያሠራነው እኛ ሆነን ሳለ አደይ አፀደ ምን እንደያዘ አያውቁም ነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል። እሳቸው ሲታሸግ አልነበሩም፤ ብስክሌቷ ዳካር ነች ብለን የነገርናቸውም እኛው ነን። ጎረቤቱ እየጮኸ ወጣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔ ሮጬ ደርሼ ብስክሌት ነው፣ ኧረ ብስክሌት ነው ብል ማን ይስማኝ! ልክፈተው ስል ክራቫት ያሰሩት ሰዎች መክፈት ክልክል ነው ብለው እጄን ያዙኝ፤ ከዚያው ግርግር መሃል ወረቀት ዘርግተው የቤተሰብ ተወካይ ይፈርምልን አሉኝ፤ ይሂዱልኝ ብዬ ሳላነበው ፈረምኩ። ኤልሳዕ መዶሻውን ይዞ መጥቶ የራሱን ምስማር ነቀለ። ጎማ ወጣ፣ ሰንሰለት ወጣ። አደይ አፀደ ጎማውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞረው «አሁን ምንድን ነው የምለው? ተመስገን ነው የምለው?» ብለው ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፣ ንዴቴም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሳምራዊት ከዳካር ስትመለስ ያቺን ማስረጃ ለማጻፍ ቢሮዎ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ብስክሌቷንም እየገፋን ነው የገባነው። የተቀበለን ያው ቆንጆ ናት ያለው ሠራተኛ ነው፤ ገና ሲያያት አወቃትና «ደኅና ገባች?» አለን። የምንፈልገውን ስንነግረው ግን ወደ ኃላፊው መራን፣ ኃላፊውም በትሕትና አስረዳን፦ በድርጅቱ መዝገብ ብስክሌት የሚባል ነገር አልተጓዘም፤ የተጓዘው አስከሬን ነው፤ እሱም በክብር ለቤተሰቡ ተመልሷል፤ ተወካይ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ያልተጓዘ ብስክሌት ዘገየ ተብሎ ሊጻፍ አይችልም። ብስክሌቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ነበር። ኃላፊው ቡናውን ሲጠጣ ስኒውን ኮርቻዋ ላይ ሊያስቀምጥ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ይሁንና በመዝገቡ የለችም።

ሳምራዊት አልተከራከረችም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ከእኩዮቿ ስንቶቹ ተስፋ ቆርጠው በደላላ እጅ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ እንደሄዱ፣ ስንቶቹም ደውለው እንደማያውቁ እኛ ነን የምናውቀው። እሷ እዚህ የያዛት ብስክሌቷ ነበረች። አሁን ማልዳ ልምምድ መውጣት ትታለች፤ ማታ ማታ በሬ ላይ ብቅ ብላ «ሓወቦይ፣ ጻፉልን?» ትላለች፣ አልጻፉም ስላት «እሺ» ብላ ትመለሳለች።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ ካሳ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ይቅርታ ከእናንተ ዘንድ ብዙ ፊርማ እንደሚፈልግ ይገባኛል። የምለምንዎ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ «የሳምራዊት ብስክሌት በወቅቱ ያልደረሰችው በእኛ ምክንያት ነው።» ብዕር ከቸገረዎ የእኔን ይዤ እመጣለሁ። አሰልጣኞቹ የቆረጡት ቀን በዚህ ሳምንት ያልቃል፤ በሁለት ስብሰባዎች መካከል ሻይ ሲጠጡ ይጽፏታል።

ለሙታን ያላችሁ ደግነት ለቆምነውም እንዲተርፈን እየተመኘሁ፣ ርግብዎም ከእንግዲህ የሰው ጽሑፍ ላይ እንዳታርፍ እየተማጸንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በመዝገባችሁ የሟች ቤተሰብ ተወካይ የሆንኩት
አክባሪዎ ባዘዘው
መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ

ግልባጭ፦
ለመጋዘን ሠራተኛው ለጃፋር፣ ኮፍያውን ስላወለቀ
ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በንጹሕ ገልብጬ ሳልጨርስ አደይ አፀደ በሬን መቱ። ሳምራዊት ቤት የለችም፤ ስልኳም ዝግ ነው፤ በአፋር በኩል ከሚሄዱት ጋር መሄዷን ጓደኛዋ ራኬብ እያለቀሰች ነግራናለች። ስለዚህ ያቺን ዐረፍተ ነገር ይጽፉ ዘንድ ከእንግዲህ አይድከሙ፤ ቢሮዎ ከጉዳያችን ነፃ ወጥቷልና እንኳን ደስ ያለዎ። የወሰዳት ደላላ ግን ማሸጊያ አልጠየቃትም፣ ማስረጃ አልጠየቃትም፣ እመጣለሁ ባላትም ሰዓት መጥቷል።