ያልተቆጠሩት ወንድሞችሽ

ልጄ እንጉዳይ፣ አፈር ከለበስሽ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። የምናገረውን መሪጌታ ይጽፉልኛል። እንዳያሳምሩት ነግሬአቸዋለሁ።

እናትሽን ጉልበቷን ያማታል። በሬውን ጅጋ ገበያ ወስጄ ሸጥሁት፤ የሚጠምደው የለም። መጻሕፍትሽን ከፍኖተ ሰላም አምጥቼ ቆጥ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ማንበቡን አላውቅበትም፤ ከአይጥ ግን እጠብቃቸዋለሁ።

ሰው ልጅህ ሐኪም ናት ወይ ሲለኝ፣ የለም፣ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች፣ የቱ ቀበሌ አዋላጅ እንደጎደለው በቁጥር ለመንግሥት ታሳያለች እል ነበር። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርሃት ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔ እኮራብሽ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ።

ቋሪት ለሥራሽ ሰንብተሽ የተመለስሽ ለት መደቡ ላይ ቁጭ ብለሽ የነገርሽኝ ትዝ ይለኛል። ሴቶቹን ልጅ ሞቶብሽ ያውቃል ወይ ስትያቸው የለም ይሉሻል። ዋሽተው አይደለም። እኛ ዘንድ ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ስም የለውም፤ አይለቀስለትም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ይቀበራል፤ ልጅ ተብሎም አይቆጠር። አንቺ ያገሩ ልጅ ነሽና ገባሽ። ከክርስትናው በፊት የቀበርሽው አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። ያን ጊዜ ሴቶቹ አለቀሱ፤ ቁጥሩም ሌላ ሆነ። አለቆችሽ አበዛሽው አሉሽ። አንቺም እስክትታመሚ ድረስ ስትሟገቻቸው ኖርሽ።

ሰሞኑን አዲስ ጠያቂዎች ታብሌት ይዘው መጡ። የጠየቁት የድሮውን ጥያቄ ነው። እናትሽ አንድ ሞቶብኛል አለች፤ አንቺን። ያንቺው እናት፣ ካንቺ በፊት ክርስትና ሳይነሱ የቀበርናቸውን ሁለቱን ወንዶች ዘለለቻቸው። መረረኝ። ሦስት ብለህ ጻፍ አልሁት አንዱን። ከክርስትና በፊት የሞተ የሚል ጥያቄ የለበትም ብሎኝ አረፈ። ለካ ጥያቄሽንም ካንቺው ጋር ቀብረውታል። ጤና ኬላችን ዛሬም አዋላጅ የለው፤ በእነሱ ቁጥር እዚህ ሕፃን አይሞትማ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሜ፣ ጠያቂ ሲመጣ አንዱንም እንዳትዘሉ ብዬ ተናገርሁ። ሽማግሌ በሴት ወሊድ ምን አገባው ብለው ግማሾቹ ጀርባ ሰጡኝ። ስንመለስ እናትሽ መንገድ ላይ ቆም አለችና፣ የመጀመሪያው ፀጉራም ነበር አለችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳትነግረኝ።

አንቺን አልረሳም፤ እሱንም፣ ታናሹንም። ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ ሦስት ነው የምለው፤ ታብሌቱ ቢቀበልም ባይቀበልም።