ለበርበሬዬ የተነቀለው ድንኳን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሸሸሁ። ሌላ ስም የለውም። አያ ካሳን ገና አፈር ሳናለብሳቸው ከመቃብሩ ቦታ ወጥቼ ወደ በርበሬዬ ሮጥሁ።

ጎረቤቴ ብቻ አልነበሩም፤ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ስንቄን የቋጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በፍትሐታቸው ላይ ስለ ሙታን ትንሣኤ የማነበው ዲያቆን እኔ ነበርሁ። መጽሐፉ በእጄ፣ ዓይኔ ሰማይ ላይ። በቡሬ በኩል ጠቁሯል። የዓመት ልፋቴ፣ የቆርቆሮ ቤቴ ተስፋ፣ በርበሬዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ዝናብ ከነካው ይሻግታል። ንባቡን ከመሀል ዘልዬ ጨረስሁት። ማንም ያወቀብኝ አልመሰለኝም።

ቤት ስደርስ ጠብ አላለም። ባለቤቴ አለምነሽ አራስ ስለሆነች ቀብር አልወጣችም። "አለቀ?" አለችኝ። "አለቀ" አልኋት።

ረቡዕ

የእድሩ ድንኳን በሟቹ ቤት ደጅ ተተክሏል። ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩነሽ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ልቤ ግን አልተቀመጠም። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅም የሚገዛ ነጋዴ ቡሬ መጥቷል ሲሉ ሰማሁ።

"ከፍኖተ ሰላም የሚመጣ ለቀስተኛ አለ፤ ቡሬ ወርጄ ልቀበል" አልኋቸው።

"እግዜር ያክብርህ፣ ልጄ።"

ምርቃታቸውን ይዤ ወደ ነጋዴ! አይ እኔ።

ነጋዴው የለም፤ ሄዷል። ከቡሬ ሳልወጣ ዝናቡ ወረደ። እያለቀስሁ ነው የመጣሁት፤ ለአያ ካሳ ያላለቀስሁትን ለበርበሬ። ደጄ ስደርስ በርበሬው አይታይም። በላዩ የለቅሶው ድንኳን ተዘርግቷል፤ ጫፍ ጫፉ በድንጋይ ተይዟል።

አለምነሽ ነገረችኝ። ሰማዩ ሲያጉረመርም እትዬ ጥሩነሽ ከሐዘን መቀመጫቸው ተነሥተው "ንቀሉት" አሉ። የእድሩ ዳኛ "ለቀስተኛውስ?" ቢላቸው፣

"እኛ ቤት እንገባለን። የኔ ካሳ ይነሣል፤ የዚህ ልጅ በርበሬ ግን ከበሰበሰ አይነሣም። አራስ አለችበት፤ ውሰዱለት" አሉ።

አፈርሁ፣ በጣም አፈርሁ። ትንሣኤን የማነበው እኔ፣ የሚያምኑት እሳቸው። የት ልግባ?

ሐሙስ

ሠልስት ነው። ድንኳኑን በማለዳ መለስሁ። አራግፌው ነበር፤ የበርበሬው ብናኝ ግን አልለቀቀውም። የገባ ሁሉ ያስነጥሳል። መሪጌታ ጸሎቱን ጀምረው አቋረጡ፤ የእድሩ ዳኛ "ይማርዎ" ማለት ሰለቸው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። እትዬ ጥሩነሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። "ካሳ ይህን ቢያይ በሳቅ ይፈርስ ነበር" አሉ፤ መልሰውም አለቀሱ።

ጠጋ ብዬ "ትናንት ማንንም ልቀበል አልሄድሁም" አልኋቸው።

"የመጣ ሰው መች አየሁና" አሉኝ።

መጽሐፉን ከመሪጌታ ለምኜ ተቀበልሁ። ያንን ንባብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብዬ፣ እያስነጠስሁም ቢሆን አነበብሁት። ስጨርስ እትዬ ጥሩነሽ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"ማክሰኞ የዘለልሃት ይህችን ነበር?"

አዎ አልኋቸው።

ከሰዓት በኋላ እንደገና አጉረመረመ። በርበሬው ደጅ ነው፣ አሁን የሚሸፍነው የለም። እግሬ ተነሣ፣ እስከ ድንኳኑ በር ሄደ። ተመልሼ ከእሳቸው አጠገብ ተቀመጥሁ።