የራሱ ጌታ

መስከረም 14

ዛሬ በጊዜ ገባሁ። ፀሐይ ገና ሳሎኑን አልለቀቀችም። ሚስቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ በሩን ስከፍት ያው የማይቀረው፦ «መጣህ?»

አልመጣሁም ልበላት? ፊቷ ቆሜ ጫማዬን እያወለቅሁ! ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ናት። አንድ ቀን «አይ፣ ገና መንገድ ላይ ነኝ» ብላት፣ «እንግዲያው ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና» ብላኝ ቁጭ። አፏ አይጣል ነው።

ይህን ማስታወሻም ያስጀመረችኝ እሷ ናት። «ጋቢና ውስጥ ብቻህን ከምትለፈልፍ ጻፈው፣ ሰው አበደ ይልሃል» ብላ።

እግሯ ዛሬም አብጧል። ልቧ ነው ይላል ሐኪሙ። ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ መውጣት ስለማትችል ልጃችን ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወንበር አኑራላታለች። እዚያ ዐረፍ ትልና ወደ ሦስተኛው ትወጣለች። ጎረቤቶቹ «ዙፋኑ» ይሉታል፤ ማንም አይቀመጥበትም።

መስከረም 20

ሥራ አስኪያጁ ሾፌሮቹን በሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበን። ከእንግዲህ ሠራተኛ የሚባል ነገር የለም፣ አጋር እንጂ። መኪናውን ከድርጅቱ እንከራያለን፣ በጫንነው ልክ ይከፈለናል። አለቃ የለ፣ የሰዓት ፊርማ የለ። «እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ጌታ ናችሁ!» አለ። አጨበጨብን። እኔማ ከፊት ሆኜ ነው ያጨበጨብኩት።

ያ ሲነዳም ሲያራግፍም የሚያፏጨው ጓደኛዬ፣ ፉጨት፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። «ጌታ ከሆንን የእነሱን ጃኬት ለምን ያለብሱናል?» አለኝ። ምቀኛ! አልኩት።

ቤት ገብቼ ስነግራት በዚያ ባበጠ እግሯ ብድግ ብላ እጅ ነሳችኝ። «ጌታው ሆይ፣ ሻይ ልቅዳልዎ?» ልጃችን በሳቅ ፈረሰች። ደስ አለኝ። ኮራሁ፣ ምን ይደበቃል።

«ታዲያ እኔ ሲያመኝ ትቀርልኛለህ ማለት ነው?»

«እንዴታ! ማንን አስፈቅጄ?»

ጥቅምት 9

ጭነት በጭነት ላይ። እሁድንም መንገድ ላይ ዋልኩ። ጌታ እሁድ የለውም እንዴ?

ኅዳር 5

የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራት ባለፈው ሳምንት አንድ ጭነት አልወስድም ብዬ ነበር። ጭነት የምታከፋፍለን የስምሪቷ ልጅ በስልክ፣ «ይቻላል፣ ውሳኔው ያንተ ነው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድን፣ ታይታ ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ጭጭ። ስደውል «ለጊዜው ጭነት የለም»። ፉጨት ግን በየቀኑ ይጭናል፣ ሌሎቹም ይጭናሉ። የመኪናው ኪራይ እንደሆነ ቆሞም ይቆጥራል... አሁን ገባኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለምን ቤት ዋልክ ስትለኝ፣ «ዕረፍት ወሰድኩ» አልኳት።

«ታድለህ» አለችኝ። ከልቧ ነው።

ኅዳር 23

የቀዘቀዘ ዓሣ ጭኛለሁ፣ ረጅም መንገድ ነው። ማደያ ቆሜ ናፍጣ ስቀዳ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ እማዬ ሆስፒታል ገብታለች። ና።» ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

ስምሪት ደወልኩ። ልመለስ፣ ሌላ ሾፌር ላኩና ይረከበኝ አልኳት። ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው፣ «ውሳኔው ያንተ ነው። ከተመለስክ ግን ቁልፉን ለጥበቃው አስረክብ» አለችኝ።

«ሚስቴ እኮ ናት የታመመችው!»

«ገብቶኛል፣ ወንድሜ... ውሳኔው ያንተ ነው።»

ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መኪናው ከሄደ መድኃኒቱም ሄደ፣ የሆስፒታሉ አልጋም ሄደ። በምን ላሳክማት? ከነገ ወዲያ ጠዋት አራግፌ እበርራለሁ። ይህ ልቧ ስንቴ አስደንግጦን ተመልሷል... አሁንም ይመለሳል። አይመለስም?

ነዳሁ።

ኅዳር 26

አልደረስኩባትም።

ታኅሣሥ 10

ለቀስተኛው ሁሉ ተበተነ። ቤቱ ባዶ ነው። ልጄ ሳህን ታቀርብልኛለች፣ ዞር ብላ ትሄዳለች። ዓይኗን አይቼው አላውቅም ከዚያ ቀን ወዲህ።

ዛሬ ከሥራ ስገባ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ሞኝ ነኝ... ምን ይጠበቃል? ሰውነቴ ግን ጠበቀ። ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ። ናፈቀችኝ። አንጀቴ ተቃጠለ። ይህን ለማን ይነግሩታል?

ታኅሣሥ 17

ልጄ አክስቷ ቤት ልትኖር ሄደች። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«አንድ ነገር ሳልነግርህ አልሄድም» አለችኝ። «የመጨረሻዋን ቀን ስታቃስት፣ 'አባዬ ባይደርስስ?' ብዬ አለቀስኩባት። እሷ እኔን ታባብላለች! 'አትጨነቂ፣ የራሱ ጌታ ነው፣ ይመጣል' አለችኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ነርሷ ስትገባ 'መጣህ?' የጽዳት ሠራተኛዋ ስትገባ 'መጣህ?'... አልነገርኩህም ነበር። አሁን እወቀው።»

ወረደች። የሻንጣው ጎማ በየደረጃው ሲንኳኳ ይሰማኛል። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ ቀጠለ።

ለልጄ ለምን አልነገርኳትም? ደውዬ ለመንኩ፣ ሚስቴ ታማለች አልኩ፣ እንዲህ አሉኝ... ይህን መናገር ምን ያቅታል? ያን ሁሉ «ማንን አስፈቅጄ» ሲል የነበረ አፍ፣ ልጄ ፊት ሎሌ ነበርኩ ይበል? ደግሞስ መቼ ከለከሉኝ? «ውሳኔው ያንተ ነው» ነው ያለችኝ። ደጋግማ።

ጥር 19

ፉጨት መጣ። ከለቅሶው ወዲህ እኔ ፊት አያፏጭም። ሲያራግፍ ሣጥን ወድቆበት ወገቡ የተሰበረ አንድ ሾፌር ጓደኛችንን ድርጅቱ «የእኛ ሠራተኛ አይደለም፣ የራሱ ሥራ ነው» ብሎ አባሮታል። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ከሰዋል። ሠራተኛ ነን ወይስ አጋር? ፍርድ ቤት ይለይልን ነው ነገሩ። እኔ እንድመሰክር ይፈልጋሉ። ለስምሪት ስለደወልኩት ያን ቀን ያወራሁት ለፉጨት ብቻ ነበር።

«የሚስቴን ሞት ችሎት ለችሎት አላዞርም» አልኩት።

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኛ ካሳ ነው የምንፈልገው፣ አንተ የምትፈልገው መልስ ነው» አለኝና ኮቱን አነሳ።

የካቲት 2

እንቅልፍ የለም። ብናሸንፍ፣ ሎሌ ነበርኩ ማለት ነው፤ ሚስቴን ዋሽቻታለሁ። ብንሸነፍ፣ መምጣት እየቻልኩ የቀረሁ ነኝ። የቱን ልመኝ?

እሺ አልኩት ለፉጨት።

የካቲት 24

ዛሬ መሰከርኩ።

ገብቼ ስቆም ከኋላ ወንበር ላይ ልጄን አየኋት። ፉጨት ነው የጠራት፣ ይሄ ተንኮለኛ።

የድርጅቱ ጠበቃ ጨዋ ልጅ ነው፣ «አባቴ» ነው የሚለኝ። «አባቴ፣ ያን ቀን ያሰረዎት ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«አይመለሱም ያለዎትስ?»

«እንደዚያም አላሉኝም።»

«መሪው በማን እጅ ነበር?»

«በእኔ።»

አመሰግናለሁ ብሎ ሊቀመጥ ሲል አላስችለኝ አለ። «ልጄ፣» አልኩት፣ «የራሴ ጌታ ብሆን ኖሮ ዓሣ ይዤ ምን አስኬደኝ? ሚስቴ እኮ በር በሩን እያየች ነበር!» እንባዬ ቀደመኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል። ዳኛዋ ውኃ አስመጡልኝ።

ቀጥሎ የስምሪቷ ልጅ ቀረበች፣ የድርጅቱ ምስክር ሆና። ድምፅዋን እንጂ መልኳን አላውቀውም ነበር። ትንሽ ናት፣ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ዳኛዋ፣ «ቁልፉን አስረክብ ያልሽው ከራስሽ ነው?» አሏት። ሥራ አስኪያጁን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬቱን አየች።

«አይደለም» አለች። «በሉ የተባልነው ነው። 'ውሳኔው ያንተ ነው' የሚለውንም። ለሁሉም ሾፌር የምንለው እሱን ነው።»

ስንወጣ ልጄ ደጅ ደረጃው ላይ ቆማለች።

«ደውለህ ነበር?»

«ደውዬ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ» አልኳት።

የጃኬቴን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች፣ እንደ ሕፃንነቷ። «በልቤ ስረግምህ ከረምኩ እኮ፣ አባዬ...» ተላቀስን። ሰው እያለፈ ያየናል፣ ይይ።

ወደ አክስቷ ቤት ሄደች። ሲመሽ ግን ደወለች። «በላህ?» ብላ።

ሚያዝያ 6

ተፈረደልን። ሠራተኞች ናቸው አሉ ዳኛዋ። የሚያዝዝ አለ፣ የሚቀጣ አለ፣ መኪናው የእነሱ፣ ጃኬቱ የእነሱ፤ ወረቀቱ አጋር ስላለ አጋር አይሆኑም አሉ። ጭነት አልወስድም ያለ ቁልፍ አይቀማም። ፈቃድም አለን፦ የዓመት፣ የሕመም፣ ቤተሰብ ለማስታመም።

ፉጨት ችሎቱ ደጅ ላይ አፏጨ፣ ጠባቂው እስኪቆጣው። ወገቡ የተሰበረው ጓደኛችን በምርኩዙ መሬቱን ይደበድባል። እኔንም አቀፉኝ። ደስ አላቸው፣ ይገባቸዋል።

እኔ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሕጉ አትችልም ነበር ብሎኛል። ልጄም አትችልም ነበር ብላኛለች። ግን መሪው በእጄ ነበር። ሳዞረው ይዞር ነበር። ይሄን የሚዳኝ ችሎት የት አለ?

ግንቦት 3

ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ሰደርያዬን አጠበችልኝ።

ግንቦት 12

ፉጨት ሲጨቀጭቀኝ፣ ያለህን ፈቃድ ተጠቀምበት ሲለኝ፣ ዛሬ ቢሮ ገባሁ። ለሠራተኛ ጉዳይ አዲስ ልጅ ቀጥረዋል፣ ስለ እኔ የምታውቀው የለም።

«ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«ምክንያቱ ምንድነው፣ ጋሼ?»

ደክሞኛል ልላት ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ደክሞኛል ልላት ነበር የገባሁት። «ባለቤቴ ታማብኝ ነው» አለ አፌ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጣለች። «ውይ! ምሕረቱን ያውርድላት። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ፣ ጋሼ! ወረቀቱ ይደርሳል፣ ሂድ!»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሂድ... ያን ያህል ቀላል ነበር?

ውሸት ነው ብዬ ልመለስ አልቻልኩም። እግሬ ሄደ። ቁልፉን ለማንም አላስረከብኩም። መንገድ ላይ ዳቦ ገዛሁ፣ ለምን እንደገዛሁ አላውቅም። ደረጃውን ሮጥኩት፣ በዚህ ዕድሜዬ! ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ አልቆ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ። እዚያ ሆኜ አለቀስኩ። የላይኛዋ ጎረቤት በአጠገቤ ወረደች፣ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች።

ተነስቼ ወጣሁ። በሩን ከፈትኩ።

«መጣህ?» አለች ልጄ ከኩሽና። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ማንኪያውን እንደያዘች ብቅ ብላ አየችኝ።

«መጣሁ» አልኳት። «ፈቃድ ሰጡኝ።»